የወላጆች አምድ፦ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰቡ ሥራ የቱ ነው?

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ሁሉ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስምም አንጽፍም።

ጥያቄ፦ አቦ፣ እንደ ድሬ ልጅነቴ አንቱታውን ትቼ ልጠይቃችሁ። ልጄ በተፈጥሮ ሳይንስ 412 አመጣ። አባቱ «ሐኪም ነው የሚሆነው፤ ሐረማያን ሙላና ሌላውን እንደፈለግክ አድርገው» ይላል። ልጁ ኮምፒውተር ነው የሚለው። ቅጹን ማን ይሙላ? (እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ አንቺ አንቱታውን ከተውሽ እኛም ትተነዋል። ቅጹን ልጁ ይሙላ። ተምሮ ነጥብ የሚያመጣውም፣ ካልሆነለት አቋርጦ ቤት የሚመለሰውም እሱ ነው። የእናንተ ሥራ ከመሙላቱ በፊት ያለው ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ደግሞ ጠቡ ጊዜውን ቀድሟል። ትምህርት ሚኒስቴር አሁን የሚያስሞላው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ እንጂ የዲፓርትመንት አይደለም። ከ2012 ወዲህ አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ ፍሬሽማን (የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት) ይማራል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ እያለ። ሕክምናና ኮምፒውተር የሚለያዩት እዚያ ከገባ በኋላ፣ በፍሬሽማን ነጥቡ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን አብረው የሚይዙ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ስለዚህ የባልሽ ምኞት የሚሳካው ወይም የማይሳካው በመጀመሪያው ሴሚስተር ሚድና ፋይናል ላይ ነው። ወላጅ ግን ምደባ ሲወጣ «ገባልን!» ብሎ ይዘናጋል፤ ልጁም ይከተለዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ በግቢ መዝናናት ያልፉና በየካቲት የሚፈልገው ዲፓርትመንት በነጥብ ያመልጠዋል።

አሁን ወደ ቅጹ። ምደባ የሚሠራው በውጤት፣ በምርጫ ቅደም ተከተልና በየዩኒቨርሲቲው ባለው ቦታ ነው። አንደኛው ምርጫ ከሞላ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እየተወረደ ነው የሚሄደው። «ሐረማያን ሙላና ሌላውን እንደፈለግክ» የሚለው ምክር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሐረማያ ከሞላበት በዘፈቀደ የጻፈው ስድስተኛ ምርጫ ለአራት ዓመት የሚኖርበት ከተማ ይሆናል። ዝርዝሩ እስከ ታች ድረስ ታስቦበት ይሞላ።

ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጁ የሚፈልጋቸው ሁለት ወይም ሦስት ዲፓርትመንቶች እዚያ አሉ ወይ? ከቤት እዚያ ለመድረስ ስንት መኪና ይቀያየራል? የአየሩን ጠባይስ ጤናው ይችለዋል ወይ? በእናንተ አካባቢ ያሉትን ብንወስድ፣ ሐረማያ በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረ ስለሆነ በግብርናና በእንስሳት ሕክምና የቆየ ነው፤ ባልሽ የሚያስበው የጤናና ሕክምና ኮሌጁ ግን ያለው ሐረር ከተማ ውስጥ፣ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ጋር ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ኮምፒውተር ለሚል ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ያለውን ሳያይ ሩቅ መመኘት የለበትም። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። እነዚህን የሚያስብ ከሆነ የምዝገባ ቀናቸው የተለየ ነውና የሚኒስቴሩን ማስታወቂያ ብቻ እየጠበቀ እንዳያመልጠው።

አሞላሉ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ወደ ኢንተርኔት ቤት ይሄዳል፣ ልጁን የሚያስተናግደው ሰው በራሱ ኢሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል ይከፍትለታል፤ በኋላ ማስተካከል ሲፈለግ ቁልፉ ያለው እዚያ ሰውዬ ጋ ነው። ቅደም ተከተሉን ማታ ቤት በወረቀት ጻፉት። ጠዋት፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ፣ ልጁ በራሱ ስልክ ይሙላው። ሞልቶ ማስቀመጥና መላክ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ ብዙ ልጅ አስቀምጦ የላከ ይመስለዋል። ከላከ በኋላ ወጥቶ እንደገና ይግባና ዝርዝሩ በትክክል መቀመጡን ይይ፤ የገጹንም ፎቶ ያንሳ። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መንታ ለሆኑ፣ ለምታጠባ እናት፣ ከባድ ሕመም ወይም አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ በምደባ ልዩ ትኩረት ይደረጋል። ይህ እናንተን የሚመለከት ከሆነ ከመንግሥት ሆስፒታል የተጻፈው የሐኪም ማስረጃ ከምደባው በፊት ይግባ። ምደባ ወጥቶ «ልጄ አስም አለበት» ቢባል ሰሚ የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ይፈተናል። ስሙ በ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፋይዳው ላይ ሌላ ዓይነት፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ደግሞ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ያስቸግረው ይሆን? (አባት፣ ከጁገል)

መልስ፦ ያስቸግረዋል፤ ጊዜ ሳለ ማየትዎ ግን ትልቅ ነገር ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የ8ኛ ክፍል ካርዱን፣ ከ9ኛ ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕትና ፋይዳውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የልጁን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ቢያንስ በአራት መንገድ ይጻፋል። ለጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር አራት ሰው ነው።

በሐረር ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ግን የክፍተት ስህተት ነው። አብዱረሕማን ዩሱፍ አሕመድ የሚባል ልጅን መዝጋቢው «አብዱ ረሕማን» ብሎ ከከፈለው፣ ረሕማን የአባት ስም ይሆናል፣ ዩሱፍ ወደ አያት ቦታ ይገፋል፣ አሕመድ ይጠፋል። አንድ ባዶ ቦታ የልጁን አባት ለወጠ ማለት ነው። አብዱልቃድር፣ ኑረዲን፣ ሰይፈዲን የሚባሉ ልጆች ወላጆችም ይህንኑ ይፈትሹ። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ፦ በእኛ አቆጣጠር 2000 የተወለደውን ልጅ በፈረንጆቹ 2000 አድርገው ከመዘገቡት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቷል።

የቱን ይዞ የቱን ማስተካከል ይሻላል? መሠረት የሚሆነው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ሌላው ወደሱ ይምጣ። ለፈተና የሚተላለፈው ስም ከትምህርት ቤቱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር ነው፤ የምዝገባው መረጃ ሳይዘጋ። በቃል አይንገሩ፤ ትክክለኛው አጻጻፍ የሰፈረበት ማመልከቻ ከልደት ወረቀቱ ኮፒ ጋር ያስገቡና በአንዱ ቅጂ ላይ ማኅተም ያስመቱ። ተማሪዎች የስማቸውን ዝርዝር እንዲያረጋግጡ ሲለጠፍ ልጅዎ ጓደኛውን እንዳይልክ። ፋይዳው ላይ ያለው ስህተት በምዝገባ ጣቢያ በማስረጃ ይታረማል። ስሙ ጭራሽ የተለየ ከሆነ ነገሩ እርማት መሆኑ ቀርቶ የስም ለውጥ ይሆናል፤ እሱ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ጊዜም ይበላል። ከፈተና በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ምልልስ ሊያስከትል ይችላል፤ ዛሬ ሁለት ቀን ቢያጠፉ ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ልጄ ጫት ካልያዘ መጽሐፍ አይገባኝም ይላል። እኔም ቅዳሜና እሑድ በርጫ (ተሰብስቦ መቃም) አለብኝና አፌን ሞልቼ መከልከል አልቻልኩም። ምን ይሻላል? (አባት፣ ከመጋላ)

መልስ፦ ሐራም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለቤታችሁ እንተወውና ከፈተናው አንጻር ብቻ እንየው። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ልጁ ለቀናት እዚያ ያድራል፤ ሲገባ ይፈተሻል፤ ስልክ የለም፣ ጫትም የለም። ወራት ሙሉ በየቀኑ ሲቅም የኖረ ልጅ ድንገት ሲያቆም መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይነጫነጫል፣ መንፈሱ ይወድቃል፣ ሌሊት ይቃዣል። ሃራራው የሚጠናበት ጊዜ ልክ እንግሊዝኛና ሒሳብ ከሚፈተንበት ጋር ይገጥማል። ለልጁ ይህን ንገረው፤ ከስድብና ከምክር ይልቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ከፈተናው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ያቁም። በአንድ ቀን ማቆም ካቃተው መጠኑን በየሳምንቱ በግማሽ ይቀንስ፤ ከዐስር ሰላት በኋላም አፉ ውስጥ እንዳያስገባ። ትልቁ ጉዳት ሌሊቱ ላይ ነው። በምርቃና፣ ጫቱ በሚሰጠው መነቃቃት፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያነበበው ነገር ብዙ ይመስለዋል፤ የተነበበው ግን አእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ነው፤ ጠዋት ስትጠይቀው ግማሹ የለም። ምግብም አይበላም። «ጫት ሲኖር ነው የሚገባኝ» የሚለው ምርቃናው የሚሰጠውን መተማመን ነው። ለመፈተሽ ቀላል ነው፤ ያለፈ ዓመት የሒሳብ ፈተና ጠዋት ተኝቶ ሲነሳ አንድ ጊዜ፣ ከበርጫ በኋላ ሌላ ጊዜ፣ በሰዓት ይሥራ። ነጥቡን ራሱ ያነጻጽር።

የድሬ ሙቀትም ሰበብ ነው። በግንቦት ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ማንም አያነብም፤ ያኔ ይተኛ። ጥናቱ ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ይሁን። አንተም ለእነዚህ ጥቂት ወራት በርጫውን ከቤት አውጣው፤ ቢያንስ ልጁ ከሚያነብበት ክፍል። እሱን ጫት ግዛ ብለህ አትላክ። እየላክህ መከልከል አይሆንም።

ስለ ጥናቱ ራሱ አንድ ቃል፦ ከስድስቱ ፈተናዎች አንዱ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ (በቃላትና በቁጥር የማሰብ ችሎታን የሚለካ ፈተና) ነው። ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ስለሌለው ብዙ ልጅ ሳይለማመደው ይገባል፤ ነጥቡ ግን ከፊዚክስ እኩል ነው። መልስ በወረቀት የሚያጠቁር ከሆነ አንድ ጥያቄ ዘሎ ቀሪውን ሁሉ አንድ መስመር ወደ ላይ የሚያንሸራትት ልጅ አይጠፋም፤ በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን ማመሳከር ይልመድ። በኮምፒውተር ከሚፈተኑት ከሆነ ደግሞ ማውስ የጨበጠ እጅ ያስፈልገዋል፤ ስልክ መነካካት ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ልጄ 241 አመጣች። ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆነ። አጎቷ አንድ የግል ኮሌጅ «ለዲግሪ አሁኑኑ እንመዘግባታለን» አለኝ ይላል። ልክፈል? (እናት፣ ከሐረር)

መልስ፦ አይክፈሉ፤ ገና ነው። መጀመሪያ ልጅቷን ከለቅሶው ያውጧት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ከ600 ማለት 300። 50 በመቶ ያመጡት በ2014 ከተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ እዚያው እሷ ያለችበት ነው። የጎረቤት ልጅ እየጠሩ ማወዳደር ለማንም አይጠቅም።

ቀጥሎ የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ይጠብቁ። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ያወጣዋል፤ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለወንድና ለሴት ይለያያል። ከገባች ለአንድ ሴሚስተር ገደማ የ12ኛ ክፍል ትምህርቶችን በዩኒቨርሲቲ ትከልሳለች፤ 30 በመቶ በዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶ በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ትመዘናለች፣ 50 ስታመጣ ወደ ፍሬሽማን ትሻገራለች። ሪሚዲያልን እንደ ውርደት አይዩት። ብዙዎች የሚወድቁበት ግን «ገብቻለሁ» ብለው ሲላሉ ነው፤ ወራቱ ጥቂት ናቸው።

መቁረጫው ላይ ካልደረሰች በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተን ትችላለች፤ የምዝገባው ማስታወቂያ ከመደበኛው ተማሪ ጋር አብሮ ላይደርሳት ስለሚችል ትምህርት ቢሮውን እየጠየቃችሁ። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ድሬዳዋ ኤሌክትሪክ፣ አውቶሞቲቭ፣ ብረታ ብረት የሚያውቅ እጅ ሥራ አያጣም።

ወደ ኮሌጁ ስንመጣ፦ 50 በመቶም ያላመጣ፣ ሪሚዲያልም ያላለፈ ተማሪን በዲግሪ የሚመዘግብ ኮሌጅ ብርዎን እየወሰደ ነው። ትምህርቱ ቢያልቅም ማስረጃው ሲጣራ ይወድቃል። ነጥቡን ይዞ ለሚገባም ቢሆን የሚጠየቀው «ፈቃድ አላችሁ?» ብቻ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለካምፓስ፣ ለፕሮግራምና ለአሰጣጡ በየራሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ አካውንቲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ ሐረር ላይ በርቀት ነርሲንግ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ የከተማውን ስም፣ የትምህርቱን ስምና ቀኑን በዓይንዎ ይዩ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፤ የግልም የመንግሥትም ተማሪ 50 ሳያመጣ ዲግሪ አይሰጠውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ደብረ ብርሃን ተመደበች። ከድሬ ወጥታ አታውቅም። ምን ላስይዛት? (እናት፣ ከከዚራ)

መልስ፦ ብርድ ልብስ! ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 አትወርድም። የዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ሁሉ «ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ» ይላል፤ የድሬ ወላጅ ቀጭኗን ይገዛና ልጅቷ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳትተኛ ታነጋለች። ወፍራም ይሁን፤ ሹራብና ካልሲም ይጨመር። ጥሪው ላይ የስፖርት ልብስ የሚባለውም ለጌጥ አይደለም፤ ፊዚካል ፊትነስ የሚባል ኮርስ አለ። ለሎከሯ ጠንካራ ቁልፍ፣ ነጠላ ጫማ፣ ባልዲና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እዚያው ደርሳ ብትገዛ ይሻላል፤ ለጭነት አይመችም።

ወረቀቶቹ ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። የ8ኛ ክፍል፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ኦሪጅናልና እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኮፒ፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ ስምንት፣ ሁሉም በአንድ የፕላስቲክ ፋይል በእጅ ቦርሳዋ ይሁን። ሻንጣ ከመኪና ጣሪያ ላይ ይጠፋል፤ ይረጥባልም። ኦሪጅናል ስትሰጥ የተረከበውን ሰው ፊርማ ትቀበል። ከመሄዷ በፊት ሁሉም በስልክ ፎቶ ተነስቶ አንቺም ጋ ይቀመጥ።

ከጥሪው ቀን በፊት አትሂድ፤ ዶርም አይሰጣትም። ድሬ ተነስታ አዲስ አበባ አድራ በማግስቱ ጠዋት ብትወጣ ቀን ትደርሳለች፤ ማታ መግባት ነው ችግር የሚያመጣው። በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ ብሩን አንድ ላይ አትስጫት፣ በየሁለት ሳምንቱ ላኪላት። መጀመሪያ ወር ላይ ብር የሚያልቀው በምግብ ሳይሆን በኮፒ፣ በካርድና በጓደኛ ብድር ነው።

ስትደውዪም «እንዴት ነሽ፣ በላሽ?» ላይ አትቁሚ። ሚድ መቼ ነው፣ ኩዊዙ ስንት መጣ ብለሽ ጠይቂ። ብትታመም ወይም ቢከብዳትና ወደ ቤት ልመለስ ብትል፣ ሬጅስትራር ሄዳ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሳትሞላ ግቢውን እንዳትለቅ። ሞልታ የወጣች በሚቀጥለው ዓመት የመመለስ ዕድል አላት፤ ሻንጣዋን ይዛ ዝም ብላ የመጣች ግን ቦታዋን ታጣለች። የልጅቷ ሕመም አልፎ ወረቀቱ ሳይሞላ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ወጪ መጋራት የሚባለውን ስፈርም ዕዳው የእኔ ይሆናል? (አባት፣ ከለገሃሬ)

መልስ፦ ዕዳው የልጁ ነው። በ1995 በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል፤ ሲመረቅና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። በየዓመቱ የሚሞላውን ውል ኮፒ ያስቀምጡ፤ ኦሪጅናል ዲግሪ ሲጠየቅ ሒሳቡ ይፈለጋል። ከቤት እየተመላለሰ የሚማር የድሬ ልጅ የግቢውን ምግብና መኝታ ካልተጠቀመ ይህ በውሉ ላይ በትክክል መሞላቱን ይይ፤ አለዚያ ያልበላውን ይከፍላል።

ጥያቄ፦ «ምደባ አስቀይራለሁ፣ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲሳካ» ያለኝ ሰው አለ። (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ግማሹን አሁን ይወስዳል። ሌላው ግማሽ አያስፈልገውም።